ኪሎ ሜትሩ ሲቆም ጥፋተኛው ማነው?

ታክሲ ስትሳፈሩ ጋቢና መቀመጥ የምትወዱ ከሆነ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። መኪናው ሽው እያለ ነው፤ የፍጥነት መለኪያው ቀስት ግን ዜሮ ላይ ተኝታለች። ሾፌሩን «ኪሎ ሜትሩ አይሠራም እንዴ?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «እሱ ከቆመ ቆየ፤ ደግሞ ምን ይሠራልሃል?»

እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከዚህ የተለየ አስተያየት አልነበረኝም። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ መኪና ምን አገባው የምትሉ ካላችሁም እውነታችሁን ነው፤ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። አጎቴ ግን እ.ኤ.አ. የ1999 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለው። ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በእሷ በጥሪ ታክሲ እየሠራ ነው። ኪሎ ሜትሯ ቆሞ፣ ያልተበላሸ ዕቃ ተቀይሮ፣ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ለማወቅ የተነሳሁት።

የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቀስቷ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ወደቀች። ከሥሯ ያሉት የተጓዘችውን ርቀት የሚቆጥሩት ቁጥሮችም አብረው ቆሙ። አጎቴ «ስልኬ ይቆጥርልኛል» ብሎ ለአምስት ወር ያህል እንዲሁ ነዳ። እውነት ነው፣ የጥሪ ታክሲ ስልክ ርቀት ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ግን ተሳፋሪ ያለበትን ብቻ ነው። ተሳፋሪ ፍለጋ ባዶውን የሚዞረውን ማንም አልቆጠረውም። በዚህ መሃል የሞተር ዘይት መቀየሪያው መቼ እንዳለፈ አላወቀም። ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ሲሄድም ከፊቱ ያለውን መኪና እያየ ነበር የሚነዳው፤ የፊተኛው ሰውዬ ከገደብ በላይ እየሄደ ኖሮ ሁለቱም አብረው ተቀጡ።

ከቅጣቱ በኋላ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ሠራተኛው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት በመስኮት አየት አደረገና «ጋሼ፣ ቆጣሪው ሞቷል፤ ሙሉውን ነው የሚቀየረው» አለው። አጎቴም ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ቆጣሪ ገዛ፤ ተገጠመ። ቀስቷ አሁንም ዜሮ ላይ ናት! የተቀየረው ነገር ቢኖር ቁጥሩ ብቻ ነው። 214 ሺህ ኪሎ ሜትር የነበረችው መኪና 96 ሺህ ሆነች። በአንድ ከሰዓት በኋላ 118 ሺህ ኪሎ ሜትር ወጣት ሆነች ማለት ነው። አጎቴ ደግሞ መኪናዋን በዓመቱ መጨረሻ ሊሸጣት እያሰበ ነበር። ገዢ መጥቶ «ስንት ሄዳለች?» ሲለው ምን ሊመልስ ነው? 96 ሺህ ካለ ዋሸ። 214 ሺህ ካለ ደግሞ «ታዲያ ይሄ ምንድነው?» ይባላል። መዋሸት ያላሰበ ሰው በሌላ ሰው ችኮላ ውሸታም ሊሆን ነው።

መምህራኖቻችን በዜና አጻጻፍ ክፍል «አንድ ምንጭ ስለነገራችሁ ብቻ አትጻፉ» እያሉ ይወተውቱናል። የጋራዡ ሰውዬ አንድም ምንጭ ሳይጠይቅ ነው ዜናውን የለቀቀው።

ከገመድ ወደ ሴንሰር

ጥፋተኛውን ለመፈለግ መጀመሪያ ቀስቷን የሚያንቀሳቅሳት ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በድሮዎቹ መኪኖች፣ ለምሳሌ በሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎችና በኮሮላ ዲኤክስ፣ ከካምቢዮው ተነስቶ እስከ ዳሽቦርዱ የሚደርስ በሽፋን ውስጥ የሚሽከረከር የብረት ገመድ አለ። መኪናው ሲሄድ ካምቢዮው ውስጥ ያለች ጥርስ ገመዱን ታዞራለች፤ ገመዱ ደግሞ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ ከአሉሚኒየም የተሠራች የጽዋ ቅርጽ ያላት ዕቃ ውስጥ ነው የሚሽከረከረው። እርስ በርስ አይነካኩም። ይሁን እንጂ ማግኔቱ ሲሽከረከር በጽዋዋ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ በዚህም ምክንያት ጽዋዋ ማግኔቱን ተከትላ ልትዞር ትሞክራለች። አንዲት ቀጭን ጥምዝ ስፕሪንግ ደግሞ ይዛ ታስቀራታለች። ቀስቷ የተተከለችው በዚህች ጽዋ ላይ ስለሆነ መኪናው በፈጠነ ቁጥር ወደ ላይ ትገፋለች፤ ሲቆም ስፕሪንጓ ወደ ዜሮ ትመልሳታለች። ይህንን ዘዴ የፈጠራ መብት አውጥቶ ያስመዘገበው ኦቶ ሹልዝ የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1902 ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳነብ ገርሞኛል። የላዳው ሾፌር ፊት ለፊት ያለው ዕቃ ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

የገመዱ በሽታ ቀላል ነው። ሲደርቅ ወይም ሲታጠፍ ቀስቷ ትዘላለች፣ አንዳንዴም ከዳሽቦርዱ ሥር የሚንጫጫ ድምፅ ይሰማል። ሲበጠስ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ገመድ ቀይሮ መገላገል ነው።

በኋላ የመጡት መኪኖች ግን ገመዱን አስወጥተው በሽቦ ተክተውታል። በአጎቴ ኮሮላ ላይ ድሮ ገመዱ ይገባበት የነበረው የካምቢዮ ቀዳዳ ላይ አሁን የአውራ ጣት የሚያህል ፕላስቲክ ተሰክቷል። የፍጥነት ሴንሰር የሚባለው ይኸው ነው። ከታች ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለችው፤ ካምቢዮው ያዞራታል። እሷ ስትዞር ሴንሰሩ በሽቦው ላይ ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። እያንዳንዱን ከፍ ዝቅ «ምት» እንበለው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው፤ ቀላልም ደስ የሚልም ነው። በጃፓኖች ስታንዳርድ መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የድሮው ገመድ በደቂቃ 637 ጊዜ እንዲዞር ተደርጎ ነው የሚሠራው። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ይጨርሳል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ሜትር 637 ዙር አለ ማለት ነው። ሴንሰሩም ይህንኑ ልክ ስለወረሰ 637 ሲባዛ በ4፣ በአንድ ኪሎ ሜትር 2,548 ምት ይልካል። በ60 ስትሄዱ በየሰከንዱ 42 ያህል ምት ዳሽቦርዱ ይደርሳል። ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ በሰከንድ የሚመጣውን ቆጥሮ ቀስቷን ያነሳል፤ ጠቅላላውን ደምሮ ደግሞ የኪሎ ሜትር ቁጥሩን ይጨምራል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፍጥነቱም የተጓዘው ርቀትም የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው። የአጎቴ መኪና ላይ ሁለቱም በአንድ ቀን ነበር የቆሙት። ዳሽቦርድ ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ጠዋት ተስማምተው ከሚሞቱ ምንጩ ደርቋል ብሎ መጠርጠር ይቀላል። ያ ጋራዥ ይህቺን ብቻ አስቦ ቢሆን ኖሮ የቆጣሪው ወጪ አይወጣም ነበር።

ምቱ የሚሄደው ደግሞ ወደ ቀስቷ ብቻ አይደለም። ከዳሽቦርዱ አልፎ ለሞተሩ ኮምፒዩተርም ይደርሳል። ስለዚህ ሴንሰሩ ሲሞት የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራት ሊበራ ይችላል። በአንዳንድ መኪኖች ፍጥነት ቀንሳችሁ ልትቆሙ ስትሉ ሞተሩ ሊጠፋ ይሞክራል። አውቶማቲክ ማርሽ በሆኑት ላይ ማርሹ ሲቀያየር ሊዘገይ ወይም ሊመታ ይችላል። መሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መኪኖችም መሪውን በስንት እንደሚያቀሉት የሚያውቁት ከፍጥነት መረጃው ነው። «ምን ይሠራልሃል?» ለሚለው ሾፌር እንግዲህ ይሄ አንዱ መልስ ነው።

ምርመራው

ሁለተኛው ሰው በዕድሜ ጠና ያሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። አጎቴ ሲወስዳት እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ተከትዬ ሄድኩ፤ ባትሪ መብራት ያዥ ሆኜ ዋልኩ ማለት ይሻላል። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መጠየቅ ነበር። አልነኩም፣ ጠየቁ። «ቀስቷ ብቻ ናት የቆመችው ወይስ ቁጥሩም? የነዳጁና የሙቀቱ ይሠራሉ? የኋላ ማርሽ ስታስገባ መብራቱ ይበራል?»

እያንዳንዱ ጥያቄ ምክንያት አለው። ቀስቷ ቆማ ቁጥሩ የሚቆጥር ከሆነ ሴንሰሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። ቁጥሩ ቆሞ ቀስቷ የምትሠራ ከሆነም እንደዚያው። ሁለቱም ከቆሙ ወደ ሴንሰሩና ወደ ሽቦው ነው የሚኬደው። ከሁለቱ ጋር የነዳጅና የሙቀት ቀስቶችም ከተኙ ግን ፊውዝ ነው የሚጠረጠረው። በዚያ ዘመን በብዙ ቶዮታዎች ላይ «ጌጅ» የሚል ጽሑፍ ያለበት 10 አምፔር ፊውዝ አለ፤ እሱ ሲቃጠል የዳሽቦርዱ ቀስቶች ብቻ ሳይሆኑ የኋላ ማርሽ መብራትም አብሮ ይጠፋል። የመብራቷ ጥያቄ ለዚህ ነበር። ፊውዝ ከሳንቲም ዋጋ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ማየት ብልህነት ነው። የአጎቴ ሌሎች ቀስቶች ይሠራሉ፤ መብራቱም ይበራል። ፊውዙ ነፃ ወጣ።

ቀስቷ ጨርሳ ሳትሞት የምትዘል ከሆነስ? ወይም ጠዋት ሠርታ ሞተሩ ሲሞቅ የምትቆም ከሆነ? ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያልጠበቀ ሶኬት፣ የዛገ ጫፍ ወይም ሊሞት የተቃረበ ሴንሰር ምልክት ነው።

ቀስቷ ትሠራለች፣ ግን ትዋሻለች የሚሉም አሉ። እነዚህ ከመደናገጣቸው በፊት በስልካቸው ጂፒኤስ ያስተያዩ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪዎች ደንብ ቁጥር 39 እንደሚለው ቆጣሪ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ማሳየት የለበትም፤ ከፍ አድርጎ ማሳየት ግን እስከ አንድ አሥረኛ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቀድለታል። በእውነት በ60 ስትሄዱ ቆጣሪው 64 ወይም 65 ቢላችሁ ብልሽት አይደለም። ከፋብሪካው የተለየ ትልቅ ጎማ ካስገባችሁ ግን ቆጣሪው ከእውነቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ትልቅ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ጥቂት ዙር ነው የሚዞረው።

ኮምፒዩተር የማስነበብ ነገርም አለ። ዛሬ ዛሬ መሪው ሥር ባለው መሰኪያ ላይ የሚሰካ፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ መሣሪያ እንደ ልብ ይገኛል። የፍጥነት ምት ሲጠፋ የሚወጣው ኮድ ፒ0500 ይባላል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ይህ ወጥ መሰኪያ በአሜሪካ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራች የኛ አገር ኮሮላ ላይኖራት ይችላል። ሁለተኛ፣ ኮዱ «ሴንሰሩ ሞቷል» አይልም። የሚለው «የፍጥነት ምት እየደረሰኝ አይደለም» ነው። የተቆረጠ ሽቦም ያንኑ ኮድ ያወጣል። ኮድ አይቶ ዕቃ መግዛት ቆጣሪውን እንደቀየረው ጋራዥ መሆን ነው።

የአጎቴ መኪና መሰኪያው ስላልነበራት ጋሼ ቴስተራቸውን አወጡ። ሴንሰሩ ከሞተሩ ጀርባ በካምቢዮው ላይ ስለሆነ ለእጅ እንዲመች የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አነሱት። ሶኬቱ ላይ ሦስት ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ኤሌክትሪክ የሚያመጣ፣ አንዱ ነጋቲቭ፣ ሦስተኛው ምቱን ይዞ የሚሄድ። የሽቦው ቀለም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ በቀለም አትመኑ።

ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ተከፈተ። በኤሌክትሪኩና በነጋቲቩ መካከል የባትሪ ቮልቴጅ፣ ማለትም 12 ገደማ መታየት አለበት። ታየ። ባይታይ ኖሮ ሴንሰሩ ሳይሆን ወደ ሴንሰሩ የሚመጣው መስመር ነበር የሚፈተሸው። ጋሼ በዚህች ደረጃ ላይ ስንት ደህና ሴንሰር እንደተጣለ ሲያወሩ አይጥ የበላው ሽቦ፣ ክረምት ላይ ጭቃ የገባበት ሶኬት፣ ዘይት የነካው ጫፍ እያሉ ጣታቸውን ቆጠሩ።

ቀጥሎ ምቱ። የፊት ጎማዎች ተነጂ ስለሆኑ አንደኛው ጎማ በክሪክ ተነሳ፣ ማርሹ ዜሮ (ፎሌ) ላይ ሆነ፣ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደገፉ፣ የእጅ ፍሬን ተያዘ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ የብረት መደገፊያ ከሥሯ አስገብተዋል። የቴስተሩ ጫፍ በምት ሽቦውና በነጋቲቩ ላይ ሆኖ እኔ ጎማውን በእጄ በቀስታ አዞርኩ። ሴንሰሩ ደህና ቢሆን ኖሮ ጎማውን አንድ ዙር ባዞርኩ ቁጥር ቴስተሩ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ማለት ነበረበት። (አራት ያልሆነው አንዱ ጎማ ብቻውን ሲዞር ዲፈረንሻሉ ግማሹን ብቻ ስለሚያስተላልፍ ነው።) ቴስተሩ ንቅንቅ አላለም። አሥር ዙር አዞርኩ፤ ምንም።

«ሞቷል?» አልኳቸው።

«ቆይ እንጂ ልጄ፤ ጥርሷ ተበልታም ሊሆን ይችላል» አሉኝ። እውነትም አንዳንዴ ሴንሰሩ ደህና ሆኖ ከታች ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ተበልታ ወይም መያዣዋ ተሰብሮ አትዞርም። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ በሽታዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ሴንሰሩ ወጣ። ጥርሷ ሙሉ ናት። ጠረጴዛ ላይ አድርገው ከባትሪ ፖዘቲቭና ነጋቲቭ ሰጡት፣ ቴስተሩን በሦስተኛው እግርና በነጋቲቩ ላይ አገናኝተው ጥርሷን በጣታቸው አዞሩ። በጤነኛ የቶዮታ ሴንሰር ላይ በአንድ ዙር አራት ጊዜ ከዜሮ አካባቢ ወደ 11 ቮልትና ከዚያ በላይ ይወጣል። ይኸኛው ዝም አለ።

ፍርዱ የተሰጠው በዚህ ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከዚህ ድረስ አርባ ደቂቃ ገደማ ፈጅቷል፤ የወጣ ዕቃ የለም፣ የተገዛም የለም።

መቀየሩ

ሥራው ከምርመራው ይልቅ አጭር ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ነጋቲቭ ተፈትቶ ይጀመራል። ሴንሰሩን ከመንቀል በፊት ዙሪያውን በብሩሽ መጥረግ የግድ ነው፤ ሴንሰሩ ሲወጣ ካምቢዮው አፉን ከፍቶ ስለሚቀር የዓመታት አቧራና ጭቃ ወደ ውስጥ ይገባል። የሶኬቱ መያዣ ተጫን ተደርጎ ነው የሚለቀው፤ ሽቦውን ይዞ መጎተት ሽቦውን ይበጥሳል። ከዚያ ሴንሰሩን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው፤ በ10 ቁልፍ ይፈታል። ለዓመታት ስለተቀመጠ ይጣበቃል። ግራና ቀኝ እያወዛወዙ በእጅ ማውጣት ነው እንጂ በካቻቢቴ መፈንቀል አይገባም፤ ፕላስቲኩ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቢቀር ካምቢዮ እስከማስፈታት ሊያደርስ ይችላል። ጥቂት የካምቢዮ ዘይት ሊፈስ ስለሚችል ከሥሩ ጨርቅ ይደረጋል።

አዲሱ ሴንሰር (የእኛ ያገለገለ ነበር፣ ከሶማሌ ተራ) ሲመጣ ጋሼ ወዲያው ወደ መኪናዋ አልሄዱም። የድሮውንና የመጣውን ጥርሶች ጎን ለጎን አድርገው መቁጠር ጀመሩ። የመጣው አንድ ጥርስ ይበልጣል! ለካ ይህቺ ጥርስ እንደ መኪናው ማርሽና ጎማ ስለምትለያይ በቁጥር ካልተስማማች ቆጣሪው ይሠራል፣ ግን የሚያሳየው ፍጥነት ትክክል አይሆንም። አንድ ጥርስ ሲበልጥ ሴንሰሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ቀስቷ ከእውነቱ ዝቅ ትላለች። ይሄ ደግሞ ከቆመ ቆጣሪ የባሰ ነው፤ የቆመውን ማንም አያምነውም፣ የሚዋሸውን ግን ሰው ያምነዋል። የድሮዋ ጥርስ ጤነኛ ስለነበረች በመያዣዋ አውጥተው ወደ አዲሱ ሴንሰር አዛወሯት። ቆጥሮ የማይገጥም ሰው ብዙ እንደሆነ ነው የነገሩን።

ኦሪንግ የሚሏት ክብ ጎማ በአዲስ ተተካች፣ ዘይት ትንሽ ተቀባች። ሴንሰሩ በእጅ ተገፍቶ ገባ። በብሎኑ እየጎተቱ ማስገባት አይፈቀድም፤ ጥርሷ ቦታዋን ካላገኘች ትሰበራለች። ብሎኑም ጥብቅ ይበል እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ሶኬቱ ቀጭ ብሎ ገባ፣ ባትሪው ታሰረ። ከዚያ አጎቴ እየነዳ እኔ በስልኬ ጂፒኤስ ይዤ ወጣን። ስልኩ 40 ሲል ቀስቷ 42 ላይ ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ከካምቢዮው ሥር ዘይት የጠበጠበ እንደሆነ ታየ፤ ደረቅ ነው። ለሴንሰሩና ለሥራው የተከፈለው ለቆጣሪው ከወጣው ከግማሽ በታች ነው።

አንድ ነገር ላስታውስ። ይህ ሁሉ ካምቢዮ ላይ ሴንሰር ላላቸው መኪኖች ነው። ኤቢኤስ ፍሬን ያላቸው ብዙ አዳዲስ መኪኖች ፍጥነቱን የሚወስዱት በየጎማው ካሉት ሴንሰሮች ስለሆነ ካምቢዮው ላይ ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ። እንደነዚህ ባሉት መኪኖች ኪሎ ሜትሩ ሲቆም የኤቢኤስ መብራትም አብሮ ከበራ ፍለጋው ከጎማዎቹ ይጀመር። ቢሆንም በከተማችን የገመዱና የካምቢዮ ሴንሰሩ መኪኖች ገና ብዙ ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ ደግሞ ያሉትን ጠግኖ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

የ96 ሺውስ ነገር? አጎቴ የድሮውን ቆጣሪ አልጣለውም ነበር፤ የኋላ ኮፈን ውስጥ በጋዜጣ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ጋሼን «ይሄን ልትመልሱልኝ ትችላላችሁ?» ሲላቸው ሳቁና «መጀመሪያውኑ ማን አውጣው አለ?» አሉት። ተመልሶ ተገጠመ። ቁጥሩ በቆመበት 214 ሺህ ላይ ነበር፤ ከጋራዡ ወጥተን ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ አንድ ጨመረ። ያለ ቆጣሪ የተነዱት አምስት ወራት ግን አሁንም የሉም። አጎቴ የሞተር ዘይቱን በዚያው ሳምንት አስቀየረና ቆጣሪው የቆመበትንና የተጠገነበትን ወር በወረቀት ጽፎ ከመኪናዋ ሊብሬ ጋር አብሮ አስቀመጠው። ያገለገለውን ቆጣሪ ለሸጠለት ሰው መልሶ ሊሰጠው ሶማሌ ተራ ወርዶ ነበር፤ ሰውየው ግን በግማሽ ዋጋ ካልሆነ አልቀበልም ስላለው ዕቃው እስካሁን እኛ ቤት ነው ያለው።